የቁልፉን ቀዳዳ የደፈነች ንብ

ልብስ ሰፊዋ አባቷን ድንገት ደርሳ ልታስደስተው ነበር ሐሳቧ። እሱ በሚኖርበት ከተማ ላለች ሙሽራ የሰፋችውን ቀሚስ ይዛ መጥታ፣ ሙሽራዋን አቁማ ወገቡን አጥብባ፣ ጫፉን አሳጥራ ስትጨርስ ከሰዓት በኋላው በሙሉ ባዶ ሆነላት። መቀስና ክሯን የያዘውን የሥራ ቦርሳ በትከሻዋ አንጠልጥላ ወደ አባቷ ሰፈር አቀናች። መምጣቷን አልነገረችውም። ሰሞኑን በስልክ ባወሩ ቁጥር ምስጢሩ እንዳያመልጣት ከንፈሯን እየነከሰች ነው የሰነበተችው።

አባቷ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። መሪ ሲጨብጥ መርከብ የሚያዝ ይመስል ስለነበር የሰፈሩ ሰው ካፒቴኑ ነው የሚለው። ከእሷ በቀር ልጅ የለውም። እናቷ ጥላቸው የሄደች ጊዜ እሷ ገና ትምህርት ቤት መግባቷ ነበር። ከዚያ ወዲያ ፀጉሯን የሚጎነጉናት እሱ፣ ትምህርት ቤት የሚያደርሳት እሱ፣ ሲያተኩሳት ግንባሯን የሚዳብሳት እሱ ሆነ። አድጋ ሥራ ይዛ ከቤት ልትወጣ ስትል፣ አባቷ ስለዚያች ሴት አንድ ነገር ሊነግራት አፉን ቢከፍት፣ "ስሟን ካነሳህ ሁለተኛ እዚህ ቤት አልረግጥም" አለችው። እሱም አፉን ዘጋ። እንደዘጋ ቀረ።

በየቀኑ ሳይደዋወሉ አይውሉም ነበር። የት የት እንደተንሸራሸረ ይነግራታል፣ ፀጉር አስተካካዩ ስለ ሚስቱ ያወራውን ያወራላታል፣ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ ያየውን ሰው ሁሉ ያማላታል። እሷም የልብስ ስፌት መኪናዋን እያንጫጫች በሳቅ ትሞታለች።

ቤቱ አሮጌ ፎቅ ሥር ያለ ነው፤ በሩ ወደ ግቢው ይከፈታል። አንኳኳች፤ ዝም። መስኮቱን መታ መታ አደረገች፤ መጋረጃው ተዘግቷል። ስልኩን ደወለች፤ ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሄዶ ይሆናል ብላ ትርፉን ቁልፍ ከቦርሳዋ አወጣች። በሩ የድሮ የእንጨት በር ነው፣ ቀዳዳውም ትንሽ ጣት የሚያስገባ። ቁልፉ ግን አልገባ አለ። ገልብጣ ሞከረችው፤ ያው ነው። ጎንበስ ብላ ስታይ ቀዳዳው የለም። ከብረቱ እኩል እስኪሆን ድረስ በጭቃ ተደፍኖ፣ ጭቃው ደርቆ፣ በጣት የተለሰነ መስሎ ቁጭ ብሏል።

የአንድ ሽማግሌ ቤት ቁልፍ በጭቃ የሚመርግ ምን ዓይነት ሰው ነው? ሌባ ነው እንዳትል፣ ሌባ በር ይከፍታል እንጂ አይደፍንም። ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣባት፤ አባቷ ውስጥ ቢሆንስ? በሩን በቡጢ ትደበድበው ጀመር።

ድብደባውን ሰምተው ከላይኛው ፎቅ አንዲት አሮጊት ወረዱ። የባዮሎጂ መምህርት የነበሩ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሴት ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ቲቸር ይላቸዋል። ልብስ ሰፊዋን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ ዞር ዞር ብለውም ከኋላዋ ሰው ፈለጉ።

"አባትሽን አመጣሽልን?" አሏት።

"ከየት ነው የማመጣው ቲቸር?"

"አንቺ ጋ አይደል እንዴ ያለው?"

መምህርቷ የሚያውቁትን ነገሯት። ካፒቴኑ ሻንጣ ይዞ ደረጃቸው ላይ ወጥቶ፣ ልጄ ጋ ልሰነብት ነው ብሎ ተሰናብቷቸዋል። ያኔ የግቢው ዛፍ ገና አላበበም ነበር፤ አሁን አበባው ረግፎ ፍሬ ይዟል። እሷ ደግሞ ትናንት እንዳነጋገረችው፣ ቤቴ ነኝ እንዳላት፣ ከዚህ በር ፊት ቁጭ ብዬ ፀሐይ እየሞቅኩ ነው እንዳላት ነገረቻቸው። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ።

"በዚህ በር ሰው አልገባም፣ አልወጣምም" አሉ መምህርቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ይሄን የማውቀው በንቧ ነው።"

ልብስ ሰፊዋ አሮጊቷ አእምሯቸውን የሳቱ መሰላት። እሳቸው ግን የሚናገሩትን ያውቃሉ። ዛፉ ማበብ የጀመረ ሰሞን፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ፣ አንዲት ቡናማ፣ ፀጉራም፣ ከቤት ዝንብ እምብዛም የማትበልጥ ንብ ወደ ቁልፉ ቀዳዳ ስትገባ አይተዋል። ቀፎ የላት፣ ንግሥት የላት፣ እህት ወንድም የላት፤ ብቻዋን የምትኖር የዱር ንብ ናት። ማርም አትሠራም። ግቢው ውስጥ ከሚያንጠባጥበው ቧንቧ ሥር ጭቃ በአፏ እያድቦለቦለች ታመጣለች። አበባው ላይ ትንከባለልና ከሆዷ ሥር ባለው ፀጉር ብጫ ዱቄት ተሸክማ ትመለሳለች። ማታ ማታ ጭንቅላቷን ወደ ውስጥ አድርጋ እዚያው ቀዳዳ ውስጥ ታድራለች። መምህርቷ ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንዲህ የተደሰቱበት ሰሞን አልነበራቸውም፤ መነጽራቸውን አድርገው ቀዳዳው ሥር ተንበርክከው ሁሉ አይተዋታል። አንድ ሰው አንዴ እንኳ ቁልፍ ቢያስገባ ሥራዋ ሁሉ ፍርስርሱ በወጣ ነበር። አልፈረሰም።

ይህን ሁሉ ስትሰማ ልብስ ሰፊዋ ወደ ቁልፍ ሠራተኛ ደውላ ነበር። ሰውየው በሞተር ሳይክል ከተፍ አለ፤ ወፍራም፣ ቀልደኛ፣ ቀበቶው ላይ መአት ቁልፍ የሚያንቃጭል ነው። መጀመሪያ በቀጭን ሽቦ ጭቃውን ነካ አደረገው። ጫፉ ተቀርፎ ሲወድቅ ትንሽ ብጫ ዱቄት መዳፉ ላይ ተበተነ፤ ዱቄቱ መሃል የሩዝ ፍሬ የምታክል ነጭ ነገር ነበረች። ተንቀሳቀሰች። ሰውየው እሳት እንደነካው እጁን ሊያራግፍ ሲል መምህርቷ ያዙት።

"ልጇ ናት" አሉት፤ ነጯን ነገር ከነዱቄቷ በጥፍራቸው አንስተው መልሰው ቀዳዳው አፍ ውስጥ አስገቧት፣ የተቀረፈውንም በምራቃቸው አርሰው ለጠፉት።

ቁልፍ ሠራተኛው ቀዳዳውን አፍጥጦ እያየ፣ እስከ ዛሬ በሥራዬ የሚበልጠኝ ሌባ ብቻ ነበር፣ አሁን ደግሞ ንብ በለጠችኝ አለ። መሰርሰሪያውን ግን ከሳጥኑ አወጣ። መምህርቷ መዳፋቸውን ቀዳዳው ላይ አሳርፈው፣ ሌላ መንገድ የለም ወይ ብለው ሲጠይቁ የልብስ ሰፊዋ ትዕግሥት አለቀ።

"አባቴ ውስጥ ወድቆ ቢሆንስ ቲቸር? ስለ ንብ ነው የሚያወሩኝ?"

መምህርቷ ቀስ ብለው እጃቸውን አነሱ። ቁልፍ ሠራተኛው ሁለቱንም አይቶ፣ ለማንም ማዳላቱ እንዳልሆነ፣ እንዲያውም መስኮቱ ከበሩ እንደሚፈጥን ተናግሮ፣ ጠፍጣፋ ብረት መስኮቱ ጥግ ላይ ሰክቶ ገፋ አደረገው። ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ልብስ ሰፊዋ ቀሚሷን ሰብስባ ዘላ ገባች።

ቤቱ ባዶ ነው። አልጋው ተነጥፏል። ማቀዝቀዣው ከሶኬቱ ተነቅሎ በሩ ገርበብ ብሏል። ስኒዎቹ ታጥበው ተደፍተዋል፤ በተደፉት ስኒዎች ቂጥ ላይ ሳይቀር አቧራ ተኝቷል። መታጠቢያ ቤቱን አየች፣ ከበሩ ጀርባ አየች፣ ሞኝነቷ እየታወቃት አልጋው ሥር አየች። አለመኖሩ ሊያሳርፋት ሲገባ የባሰ አስፈራት። ሞቶ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ግን በየቀኑ የሚያነጋግራት ሰው የት ሆኖ ነው? አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ አለች።

ስልኳ ጠራ። አባቷ ነው።

"ሚጣዬ፣ ደውለሽ ነበር አይደል? አልሰማሁትም።" ድምፁ እንደ ወትሮው ሞቅ ያለ ነው።

እንደምንም ብላ፣ "የት ነህ አባዬ?" አለችው።

"የት እሆናለሁ? ቤት ነኛ። አልጋዬ ላይ ጋደም ባልኩበት እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ።"

አልጋ ልብሱ ላይ፣ አቧራው መሃል፣ የገዛ መዳፏ ታትሞ ይታያታል። አባቷ በሕይወቱ ዋሽቷት አያውቅም፤ ቢያንስ እሷ እንደዚያ ነበር የምታውቀው። አሁን እንዲህ ቀለል አድርጎ፣ ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ፣ እንደ ጨዋታ ሲዋሽ ሰምታ ጆሮዋን ተጠራጠረች።

"አባዬ፣ አልጋህ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ" አለችው።

ስልኩ የተዘጋ እስኪመስላት ድረስ ዝም አለ። በዝምታው ውስጥ ከወዲያ የሆነ ማሽን ሲያጉረመርም ይሰማል። ከዚያ ደግሞ የሴት ድምፅ፤ ቃል የሌለው፣ የታመመ ሰው ማቃሰት።

"ማን ናት እሷ?"

"እናትሽ ናት" አላት።

አድራሻውን ሁለት ጊዜ ነገራት፤ አንደኛውን አልሰማችውም ነበርና። በመስኮቱ ተመልሳ ስትወጣ መምህርቷና ቁልፍ ሠራተኛው ምን አገኘሽ ብለው ጠየቋት። ደህና ነው ብቻ አለቻቸው። ፊቷ ግን ወረቀት መስሎ ስለነበር አላመኗትም። ቁልፍ ሠራተኛው ምንም ነገር ሳይጠይቅ ሞተሩ ላይ አፈናጦ አደረሳት።

የሴትየዋ ክፍል ከአንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ናት። ደረጃው ሳሙና ሳሙና ይሸታል፣ ወለሉ ከሥሩ በሚዞሩት ማሽኖች ይርገበገባል። አባቷ ፎጣ በትከሻው ጣል አድርጎ በር ላይ ጠበቃት። ከስቷል። ሸሚዙ ላይ ሾርባ ፈሶበታል። ሊያቅፋት ሲል ወደ ኋላ አለች፤ በሩን ገርበብ አድርጎ ደረጃው አናት ላይ በሹክሹክታ ሁሉንም ነገራት።

ሆስፒታል ነው የደወለለት። ሴትየዋ ሥራ ላይ እያለች ወድቃ፣ ግማሽ አካሏ ከድቷት፣ የሚጠራ ዘመድ አለሽ ወይ ስትባል በቃሏ የምታውቀው አንድ ቁጥር ብቻ ሆነ፤ እሱ ደግሞ ቁጥሩን ቀይሮ አያውቅም። እስኪሻላት ልቆይ ብሎ ሄደ። አልተሻላትም። ትቷት እንዳይመለስ የሚያጎርሳት የለም። ወደ ቤቱ እንዳይወስዳት፣ ልጁ የተናገረችውን አልረሳም።

"ሁለተኛ እዚህ ቤት አልረግጥም ብለሽኛል። አንቺ ደግሞ ያልሽውን ታደርጊያለሽ" አላት።

"እና በየቀኑ ፀጉር አስተካካይ ስትፈጥርልኝ ከረምክ?"

"ፀጉር አስተካካዩስ አለ። ወሬውን ነው የፈጠርኩት።"

ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ንዴቷ ቀደመው። ሊነግራት ይችል እንደነበር፣ በየቀኑ በሳቀች ቁጥር ሲያታልላት እንደነበር፣ ከእናቷ መሄድ ይልቅ ይሄኛው እንደሚያማት ነገረችው። እሱ አልተከራከረም። ሾርባው እሳት ላይ ነው አላትና በሩን ከፈተው።

ልብስ ሰፊዋ በልቧ ይዛ የኖረችው ረጅም፣ ሽቶዋ ከሩቅ የሚሸት፣ ስትስቅ የምታስፈራ ሴት ነበር። አልጋው ላይ ያገኘቻት ግን የልጅ ያህል ሆና የተኛች አሮጊት ናት። ፊቷ ግማሹ ተንሸራቷል፣ አንድ እጇ ደረቷ ላይ ተቆልፏል። ዓይኖቿ ብቻ በሩን ይጠብቁ ነበር። ልትቆጣት የተዘጋጀችባት ሴት እዚያ አልነበረችም።

"እንደምን ዋሉ" አለቻት።

አባቷ ከምድጃው ዞር ብሎ፣ "እናትሽን አንቱ ትያታለሽ?" አለ።

"የማላውቀውን ሰው ምን ልበለው?"

አልጋው ላይ ያለችው ሴት ዓይኗን አልሰበረችም። በደህናው እጇ ወንበሩን አሳየቻት። ተቀመጠች። አባቷ ዳቦ ልግዛ ብሎ ወጣ፤ ዳቦ ጠረጴዛው ላይ እያለ።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ወለሉ ይርገበገባል። ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች። ለምን ሄድሽ አይባል ነገር፣ እንዴት ነዎት አይባል ነገር። በመጨረሻ ቀኑን ሙሉ ከሆነው ነገር ውስጥ ማንንም የማይነካ መስሎ የታያትን አነሳች። በሩ አልከፈት ብሎኝ በመስኮት ገባሁ አለች። ንብ ቁልፉን ደፍናብን።

የሴትየዋ ቅንድብ፣ አንደኛው፣ ከፍ አለ።

ልብስ ሰፊዋ መምህርቷ የነገሯትን መናገር ጀመረች። ንቧ ባልም ጎረቤትም ሳይረዳት ብቻዋን እንደምትሠራ። ከቀዳዳው ጥግ ጀምራ የአበባ ዱቄት እየቆለለች፣ ከአበባ በቀሰመችው ጣፋጭ ፈሳሽ እያቦካች፣ አንድ ልጅ ጠግቦ የሚያድግበት ያህል ሲሆን አንድ እንቁላል ብቻ እንደምትጥልበት፤ በጭቃ ግድግዳ ከልላ ደግሞ ለሌላው ክፍል እንደምትጀምር። ሴቶቹን ከውስጥ፣ ወንዶቹን ከደጃፉ እንደምታስቀምጥ፤ ሲደርሱ ወንዶቹ ቀድመው ወጥተው እንደሚጠብቁ። እየተናገረች ሄዳ ሄዳ፣ መጨረሻው ላይ በጭቃ ትመርገዋለች የሚለው ጋ ስትደርስ፣ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ድንገት ታያት። እንዲህ ያለ ነገር አስባ አልነበረም የጀመረችው። አፏን ያዘች።

"ጨርሺው" አለች ሴትየዋ። ቃሉ በተንሸራተተው ከንፈሯ ጠርዝ በኩል እየተጎተተ ነው የወጣው።

"አለቀ። ይኸው ነው።"

"ጨርሺው።"

ልብስ ሰፊዋ ወለሉን እያየች ጨረሰችው። በሩን ትመርግና ትሄዳለች። አትመለስም። ዕድሜዋ አጭር ነው፤ የሆነ ቦታ ወድቃ ትሞታለች። ልጆቿን አታያቸውም፣ እነሱም አያዩዋትም። ጨለማው ውስጥ ይነቃሉ፣ ያስቀመጠችላቸውን ይበላሉ፣ ያድጋሉ፣ ዛፉ እንደገና ሲያብብ ጭቃውን ነድለው ይወጣሉ።

ሴትየዋ ዓይኗን ወደ ጣሪያው አነሳች። ከዚያ እያንዳንዱን ቃል ከሩቅ እየጎተተች፣ "እኔ… ምንም… አላስቀመጥኩልሽም" አለች።

ልብስ ሰፊዋ ለብዙ ነገር ተዘጋጅታ ኖራለች። ምክንያት ሲደረደርላት፣ ለቅሶ ሲለቀስላት፣ አባትሽ እንዲህ አድርጎኝ ስትባል፣ ለእያንዳንዱ መልስ ነበራት። ለዚህ አልነበራትም። አዎ ብትል ጭካኔ፣ የለም ብትል ውሸት።

አባቷ ዳቦውን ይዞ የገባው ያን ጊዜ ነው። ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ሾርባ ቀድቶ ሴትየዋን ያጎርሳት ጀመር። ከጥቂት ጉርሻ በኋላ ትን አላትና የሌሊት ልብሷ በሾርባ ራሰ። ሊቀይርላት የተቆለፈውን ክንድ በእጅጌው ለማውጣት ሲጎትት አቃሰተች፤ እሱም አብሮ አቃሰተ፣ ደግሞ ሞከረ። ለካስ ይህን በየቀኑ ነው የሚያደርገው።

"ቆይ አባዬ፣ ተው" አለች ልብስ ሰፊዋ።

መቀሷን አወጣች። እርጥቡን ልብስ ከአንገቱ እስከ እጅጌው ጫፍ ቀድዳ፣ ክንዷን ሳትነካ ከላይዋ ገፈፈችው። ተራውን የሚጠብቀውን ንጹሕ ልብስ ደግሞ በጀርባው በኩል እስከ ታች ከፈለችው፣ የእጅጌውን ስፌት ፈታች፣ ከፎጣው ጠርዝ ጥብጣብ ቆርጣ ማሰሪያ ሰፋችለት። ሲያለብሷት ክንዷ ካለበት ሳይነቃነቅ ልብሱ ብቻ ተጠቀለለላት። ሴትየዋ ጨርቁን በደህናው እጇ ዳበሰች፣ ስፌቱንም በጣቷ ተከተለችው።

ልብስ ሰፊዋ ይቅር አላለቻትም፤ ይቅርታም አልተጠየቀችም። ግን ከዚያ ወዲህ በመጣች ቁጥር ከኋላ የሚታሰር አዲስ የሌሊት ልብስ ይዛ ትመጣ ነበር። አንቱ ማለቷንም አልተወችም። ካፒቴኑ ልብስ ሲያስፈልገው በዚያ ዕድሜው በመስኮት እየዘለለ መግባት ጀመረ፤ መምህርቷ ከላይ ሆነው እየሳቁ ወንበር ያቀብሉታል። መሰርሰሪያ የሚያነሳ ሰው አልነበረም። ካፒቴኑ እየዋለ እያደረ ለልጁ ስለ እናቷ ጥቂት ጥቂት ነገር ነገራት። አንዳንዱ ስለ ራሱ ጥፋትም ነበር። እሷም እየደነገጠች ሰማችው።

ሴትየዋ የሞተችው ዝናብ በሚያካፋበት አንድ ጠዋት ነው። ልብስ ሰፊዋ ደርሳ ክፍሏን ከአባቷ ጋር ባዶ አደረጉ። አባቷ ፍራሹን ጠቅልሎ እየጎተተ ደረጃውን ሲወርድ፣ እሷ የታጠቡትን አንሶላዎች ልትቀበል ወደ ልብስ ማጠቢያው ገባች። ባለቤትየዋ ከማሽኑ ቀና ብላ የላይኛዋ ሴት ምኗ እንደሆነች ጠየቀቻት።

"ልጇ ነኝ" አለች።

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። እጇ አንሶላው ላይ እንዳለ ቀረ። ባለቤትየዋ ነፍስ ይማር ብላ አንሶላዎቹን ልትጠቀልልላት ወረቀት ፍለጋ ዞረች፤ ውጪ ደግሞ አባቷ ፍራሹ ከብዶት ይጣራል።